የዩኒቨርሲቲው ሳይንስ ከአጥሩ ሲወጣ፦ አውቶቡሱ ከተመለሰ በኋላ በአዳማ ትምህርት ቤቶች ምን ይቀራል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር የማይቀር ጥያቄ አለ። «ዩኒቨርሲቲዎቹ ታዲያ ምን እየሠሩ ነው?» የሚል። ጥያቄው ከመሬት የተነሣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ተፈትነው ነበር። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። መሻሻል አለ። ቢሆንም ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆነው አሁንም ማለፊያውን አያገኝም።

አዳማ ላይ ጥያቄው ይጠነክራል። የከተማዋን ስም የያዘው ዩኒቨርሲቲ «ሳይንስና ቴክኖሎጂ» የሚለውንም በስሙ ላይ ተሸክሟል። ተቋሙ በ1980ዎቹ አጋማሽ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተጀመረ። ቆይቶ የቴክኒክ መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ሆነ። በ1998 ዓ.ም አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ2003 ዓ.ም የአሁኑን ስሙን አገኘ። ተማሪ የሚቀበለው ከመላ አገሪቱ ነው። የራሱን የመግቢያ ፈተና ሲሰጥም ቆይቷል። ስለዚህ ግቢው አጠገብ ያደገ ልጅ በሩን በየቀኑ እያየ፣ ውስጡን አንድም ቀን ሳይረግጥ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችላል።

ዩኒቨርሲቲዎች በበኩላቸው ሥራ አልፈታንም ይላሉ። ክረምት ሲመጣ «ተማሪዎች የሳይንስ ሥልጠና ወሰዱ»፣ «ለትምህርት ቤቶች የቤተ ሙከራ ዕቃ ተበረከተ» የሚል ዜና እንሰማለን። ዜናው እውነት ነው፣ ጥያቄውም እውነት ነው። ችግሩ ጠያቂውና መላሹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር አለመሆኑ ነው።

አንድ ስም፣ ሦስት ሥራ

ዩኒቨርሲቲ ከግቢው ወጥቶ ለትምህርት ቤትና ለአካባቢው ሕዝብ ሳይንስን ሲያደርስ ሥራው «አውትሪች» ይባላል። በአማርኛ አንዳንዱ «የሳይንስ ተደራሽነት» ይለዋል። በግቢው ውስጥ ግን ብዙ ሰው የሚጠራው በአጭሩ «ኮሚዩኒቲ ሰርቪስ» ብሎ ነው። በዚህ ስም ሥር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ተጠቅልለዋል።

አንደኛው የማጠናከሪያ ትምህርት ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም ተማሪ ቅዳሜና እሑድ፣ ወይም ፈተና ሲቃረብ፣ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብና ፊዚክስ ያስጠናል። ዓላማው ግልጽ ነው፦ ውጤት።

ሁለተኛው የስቴም ማዕከል ነው። «ስቴም» ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብን በአንድ የያዘ ምሕጻረ ቃል ነው። የአገራችን በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ማዕከል አላቸው። ከየትምህርት ቤቱ ጥሩ ውጤት ያላቸው ልጆች ይመረጡና ክረምት ላይ ወይም በሳምንቱ መጨረሻ በኤሌክትሮኒክስ፣ በኮምፒውተርና በቤተ ሙከራ ሥራ ይሠለጥናሉ። ዓላማው ተሰጥኦ ያለውን ልጅ ቀድሞ ማግኘትና ማሳደግ ነው።

ሦስተኛው ብዙም የማይወራለት ነው። ሳይንስን ለአካባቢው ኑሮ ማዋል፦ ውሃውን መመርመር፣ ውጤቱን ለነዋሪው በሚገባው ቋንቋ መንገር፣ ገበሬውን ስለ አፈሩ ማማከር።

ወላጅ «ምን ሠራችሁ?» ሲል የሚጠይቀው ስለ መጀመሪያው ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚመልሰው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ነው። ሮቦት የሠራ ልጅ ፎቶ ያሳያል። ፎቶው ደስ ይላል፤ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት 60 ልጆች አንዱን ብቻ ነው የሚያሳየው። የቀሩት 59 በዚያው ሰዓት የት ነበሩ? እኔ ሦስቱንም ሥራዎች አስፈላጊ ብዬ አምናለሁ። አንዱን በሌላው ስም መለካት ግን ሁሉንም ያበላሻል። የስቴም ማዕከል የከተማውን የማለፍ መጠን ከፍ አላደረገም ብሎ መውቀስ ልክ አይደለም። ስቴም ማዕከል ስላለኝ ለትምህርት ቤቶች ደርሻለሁ ማለትም እንደዚያው።

ግዴታ ነው ወይስ ቸርነት?

ሕጉ መልስ አለው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጎን ያቆመዋል። በሥራ ላይ ያሉ ሰነዶች አሁን «የማኅበረሰብ ጉድኝት» ይሉታል። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው። በመምህራን ዘንድ ደግሞ አዲስ አይደለም፤ ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች ዕቃና ልምድ የሚካፈሉበት አደረጃጀት ድሮም «ጉድኝት» ይባል ነበር። ጉድኝት ሁለት ወገን ይፈልጋል። አንዱ ሰጪ፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ ተቀባይ ከሆነ ጉድኝት አይባልም።

በወረቀት ላይ ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት እኩል ቢቆሙም በመምህሩ ሕይወት ውስጥ እኩል አይደሉም። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለማደግ ሲያመለክት ሚዛን የሚደፋው የታተመ ጽሑፍ ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎትም ነጥብ አለው። ነገር ግን አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ትምህርት ቤት የተመላለሰ መምህርና በዓመት አንድ ጊዜ ባነር ሰቅሎ የተመለሰ መምህር በወረቀቱ ላይ ሊለያዩ አይችሉም። ሁለቱም «ተሳትፏል» ይባላሉ። ታዲያ ማን ነው ቅዳሜውን የሚሠዋ? የሚሠዉ አሉ። እነሱ ሲታመሙ ወይም ሌላ ከተማ ሲዛወሩ ግን ሥራውም አብሮ ይቆማል።

ገንዘቡና የትምህርት ዘመኑ አይገናኙም

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ቀላል ነገር አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ትምህርት ቤት ደግሞ መስከረም ይከፈትና ሰኔ ላይ ይዘጋል።

ይህ ምን ያመጣል? ሐምሌና ነሐሴ በጀት የሚደለደልበት፣ ዕቅድ የሚጸድቅበት ጊዜ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ልጆች ክፍል ገብተው ትኩስ ሆነው ሳሉ ገንዘቡ ገና በፊርማ ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ግዢ አለ። ግዢ ጨረታ ይፈልጋል፣ ጨረታ ጊዜ ይፈልጋል። ዕቃው ደርሶ አበልና ነዳጅ ተፈቅዶ መኪና ሲነሣ ግንቦት ይሆናል። ግንቦት ላይ ትምህርት ቤት ፈተና ነው። መምህሩ ምዕራፍ ለመጨረስ ይሮጣል፣ ርዕሰ መምህሩ ስለ ፈተና ወረቀት ይጨነቃል። እንግዳ ሲመጣ ያከብረዋል እንጂ ጊዜ የለውም። ሥራው በአንድ ቀን ይከናወናል፣ በጀቱ ይዘጋል፣ ሪፖርቱ ይጻፋል።

እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም የየራሱን ካሌንደር ነው የተከተለው። መፍትሔውም ከባድ አይደለም። ዕቃውን ዘንድሮ ገዝቶ ለመጪው መስከረም ማዘጋጀት ይቻላል። ከትምህርት ቤቶቹ ጋር ዕቅዱን ሰኔ ላይ አብሮ መጻፍ ይቻላል። የሚጠይቀው የሁለት ዓመት ዕቅድና ዕቅዱን የሚጠብቅ ሰው ነው።

የአንድ ቀን ትርኢት ምን ያደርጋል?

ቤኪንግ ሶዳ ላይ አቸቶ ሲፈስ አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። ልጆች ይጮኻሉ፣ ያጨበጭባሉ። ይህን የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኔ አልንቅም። ሳይንስ ከመጽሐፍ ወጥቶ ዓይን ፊት ሲሆን ያየ ልጅ አይረሳውም።

ጥያቄው ከጭብጨባው በኋላ ያለው ነው። ለንደን የሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ «አስፓየርስ» በሚባል ጥናቱ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ የእንግሊዝ ልጆችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። አብዛኞቹ ሳይንስ ደስ ይላቸዋል። ሳይንቲስት መሆን እፈልጋለሁ ያሉት ግን 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱን የፈጠረው በዋናነት በቤተሰብና በአካባቢ ሳይንስ የሚያውቅ፣ ስለ ሳይንስ የሚያወራ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። እንግሊዝና አዳማ አንድ አይደሉም። ሐሳቡ ግን እዚህም ይሠራል ብዬ አስባለሁ። ልጁ ሳይንስን መውደዱ ብቻውን አይበቃም፤ «ይህ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ልጅ ነው» ማለት አለበት። ያንን አንድ ቀን የመጣ እንግዳ አያደርገውም። ተመላልሶ የሚመጣ፣ ስሙን የሚያውቀው፣ ምናልባትም ያው ትምህርት ቤት ተምሮ ያለፈ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተሻለ ያደርገዋል። ለሴት ልጆች ሲሆን ይህ በእጥፍ ይጠነክራል። ምህንድስና የምትማር የሰፈሯን ልጅ ያየች ተማሪ ስለ ምህንድስና የምታስበው ሌላ ይሆናል።

ከርከዴ፣ ሎሚና አመድ

አገራችን በ1997 ዓ.ም አካባቢ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ዘርግታ ነበር። ሁላችንም «ፕላዝማ» የምንለው ማለት ነው። በቤተ ሙከራ እጦት የማይታዩ ሙከራዎች በስክሪን ይታዩ ነበር። ጥሩ ምስል ነበረው። ብዙ መምህራን ግን በወቅቱ አንድ ቅሬታ ነበራቸው፦ ስክሪኑ አይቆምም፣ አይጠየቅም። መምህሩ ከጎን ቆሞ ተመልካች ሆነ።

ከዚያ የምንማረው ነገር ለአውትሪችም ይሠራል። ከውጭ የሚመጣ ጥሩ ነገር መምህሩን ከገፋው፣ መምህሩ ጋ አይቀርም። እንግዳው የሚያምር ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ያሳያል፣ ይዞ ይሄዳል። በማግሥቱ ልጁ «ቲቸር፣ ያንን ድገሚልን» ሲላት መምህርቷ እጇ ባዶ ነው። በልጁ ፊት ከትናንቱ ዝቅ ብላ ትታያለች።

ሌላ ዓይነት አካሄድ እንይ። አሲድና ቤዝ የሚለው ትምህርት አለ። መጽሐፉ ሁለቱን በቀለም ለውጥ በሚለየው «ሊትመስ ወረቀት» ሞክሩ ይላል። ወረቀቱ ብዙ ቦታ የለም፤ ካለም አርጅቷል። ከርከዴ ግን አዳማ ገበያ አለ። ጥቂት የደረቀ የከርከዴ አበባ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል። ደማቅ ቀይ ይወጣል። በሦስት ብርጭቆ ይከፈላል። አንዱ ላይ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ ቀይነቱ ይደምቃል። ሁለተኛው እንዳለ ይቀመጣል። ሦስተኛው ላይ አመድ ተዘፍዝፎ የጠለለ ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ቀለሙ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። አመድ ቤዝ ነው ማለት እንዲህ ነው። እናቶች ድሮ አመድን ለዕቃ ማጠቢያ ለምን እንደመረጡት ልጁ ራሱ መጠየቅ ይጀምራል።

ይህን ለማሳየት ፕሮፌሰር አያስፈልግም። ፕሮፌሰሩ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ለምን ቀለሙ እንደሚለወጥ መምህርቷ በደንብ እንድትይዘው፣ ከዚህ ተነሥታ ሳሙና፣ ለስላሳ መጠጥና ምራቅ ላይ ምን እንደምትሞክር፣ ልጆቹ የሚጠይቁትን ከባድ ጥያቄ እንዴት እንደምትመልስ። አንድ መምህርት በዓመት የምታስተምራቸውን ክፍሎች ደምሩ። አምስት ዓመት ብታስተምር ስንት ልጅ እንደሚደርሰው ቁጠሩ። አንድ ቀን ለ300 ተማሪ ትርኢት ከማሳየት አሥር መምህራንን አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ መደገፍ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። መምህራን ሲያሠለጥን የኖረ ተቋም ለዚህ ባዕድ አይደለም።

ዕቃ ማበርከትም ከዚሁ ጋር ይታያል። ማይክሮስኮፕ ተሰጥቶ ቁልፍ ውስጥ የሚቀመጠው መምህሩ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ ንብረቱ በስሙ ተመዝግቦ ቢሰበር ከደመወዙ ይቆረጣል ብሎ ስለሚፈራ ነው። ስለዚህ ከዕቃው ጋር ጥገናና «ሲሠራበት ቢሰበር ችግር የለም» የሚል ስምምነት አብሮ መምጣት አለበት።

ውሃው፣ ጥርሱና የፈላው ድስት

አዳማ ያለችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። አካባቢው የእሳተ ገሞራ አለት ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በዚያ አለት ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲጓዝ ፍሎራይድ የሚባል፣ ሲበዛ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። ውሃው ውስጥ ካልሲየም ቢበዛ ፍሎራይዱን ይይዘውና ያዘቅጠው ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየም ያንሰዋል፤ ስለዚህ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ባሉ አንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ተለክቷል።

ወንጂ ለዚህ በዓለም የሚታወቅ ቦታ ነው። በሸንኮራ እርሻው የኖሩ ሠራተኞች ላይ ከጥርስ አልፎ አጥንትን የሚያጎብጥ ጉዳት መድረሱን ሐኪሞች ጽፈውበታል። ጥርስን በተመለከተ ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ በግምት እስከ ስምንት ዓመት ዕድሜ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ቡናማ ቀለም ብሩሽ አያስለቅቀውም። የዚህ አካባቢ ልጅ ሲስቅ አፉን በእጁ ሲሸፍን ያየ ሰው ነገሩ ከጤናም በላይ መሆኑን ያውቃል። ጥርሱን አለመፋቁ ነው ብለው የሚያሙት ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ ግፍ ይጨምሩበታል።

የከተማዋ የቧንቧ ውሃ በዋናነት ከአዋሽ ተጣርቶ ስለሚመጣ ከጉድጓዱ የተለየ ነው። በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ግን ጉድጓድ የሚጠጣ ሰው ብዙ ነው። እዚያ በሰፊው ያለ አንድ ስሕተት አለ፦ «አፍልተን እንጠጣለን» የሚል። ማፍላት ለጀርም ፍቱን ነው። ለፍሎራይድ ግን አይሠራም። እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲቀንስ ፍሎራይዱ በቀረው ውስጥ ይበረታል።

ይህን በቃል ብትናገረው የሚሰማህ ጥቂት ነው። በድስት ብታሳየውስ? ሁለት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟል። ሁሉም ይቀምሳል። ድስቱ ላይ ይጣድና ግማሹ እስኪተን ይፈላል። ሲበርድ እንደገና ይቀመሳል። ጨውነቱ ብሷል። «ፍሎራይድም እንደ ጨው ነው፤ አብሮ አይተንም፣ ግን አይቀመስም» ሲባል በዚያን ጊዜ ይገባል። እዚያ ያለች እናት ከዚያ ቀጥላ የምትጠይቀው «ታዲያ ምን ላድርግ?» ነው። መልሱም የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። በተቃጠለ የአጥንት ከሰል ማጣራት ይቻላል፤ በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ ማዝቀጥ ይቻላል። ሁለቱም ዘዴዎች በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ተሞክረዋል፤ ሁለቱም ክትትል ይፈልጋሉ። ካልተቻለም ሌላው ቢቀር ለሕፃናት የሚሆነውን ውሃ ከሌላ ምንጭ መለየት ይቻላል።

ሦስቱ ሥራዎች የሚገናኙትም እዚህ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ከየቤታቸው በጠርሙስ ውሃ ይዘው ቢመጡ፣ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ቢለካላቸው፣ ውጤቱን በሰፈራቸው ካርታ ላይ ቢያስቀምጡ፣ ኬሚስትሪም ሒሳብም ጂኦግራፊም ተማሩ ማለት ነው። መንደሩም ያልነበረውን መረጃ አገኘ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መጥፎ ቁጥር ነግሮ መጥፋት ሰውን ማስደንገጥ ብቻ ነው። ከመለካቱ በፊት የውሃና የጤና ቢሮዎች ውጤቱን ተቀብለው ምን እንደሚያደርጉ መስማማት አለባቸው።

ኃይል፣ ኃይልና ኃይል

ከአዳማ ዳር ባሉት ኮረብቶች የተተከሉትን የነፋስ ማመንጫዎች የከተማው ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ በ2007 ዓ.ም የተመረቀው ሁለተኛው 102 ተርባይን አለው። እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት ነው። ተደምሮ 204 ሜጋ ዋት። ሁልጊዜ ይህን ያህል ያመነጫሉ ማለት አይደለም፤ ነፋሱ ይወስናል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በነፋሱ ውስጥ ያለው አቅም ስምንት እጥፍ ይሆናል። ፈዘዝ ባለ ነፋስ ጊዜ ምርቱ ያን ያህል የሚወርደው ለዚህ ነው። ይህ ሙሉ የፊዚክስ ምዕራፍ ነው፣ በመስኮት የሚታይ።

እዚህ ላይ ቋንቋ መንገድ ይዘጋል። በዕለት ንግግራችን ኃይል የማንለው ነገር የለም። የመብራት ኃይል እንላለን፣ የነፋስ ኃይል፣ የጡንቻ ኃይል። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ፎርስ፣ ኢነርጂና ፓወር ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ይነገረዋል። በጭንቅላቱ ግን ሦስቱም አንድ ቃል ናቸው። ፎርሙላውን ይሸመድዳል፣ ልዩነቱን አይይዝም።

በአዳማ አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ የተማረም በአማርኛ የተማረም ልጅ አለ። ሁለቱም 9ኛ ክፍል ላይ አንድ ዓይነት ግንብ ይጠብቃቸዋል። የዩኒቨርሲቲው እንግዳ በእንግሊዝኛ ስላይድ ከመጣ ያንን ግንብ አንድ ድርብ ይጨምርበታል። ሁለቱን ቋንቋ የሚችሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይዞ ከመጣ ግን በቤታቸው ቋንቋ አስረድቶ የእንግሊዝኛውን ቃል በላዩ ማስያዝ ይችላል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ማን እንደሚላክ አስቦ መላክ ብቻ ነው።

የሚቃወሙትም ምክንያት አላቸው

አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ መምህራን «እኛ ራሳችን መቼ ሞልቶልን» ይላሉ። ልክ ናቸው። የኑሮ ውድነቱ ደመወዛቸውን በልቶታል፤ የግቢው ቤተ ሙከራም ብዙ ጊዜ ኬሚካል ይቸግረዋል። ይህን ጭነት ያለ ተጨማሪ ጊዜና ያለ ተገቢ አበል መጫን ተገቢ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ የትምህርት ቤት ችግር የትምህርት ቢሮ ሥራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲሸፍንለት ቢሮው ይዘናጋል ይላሉ። ይህም ክብደት አለው። ቤተ ሙከራ መሥራት፣ መምህር መቅጠር፣ መጽሐፍ ማድረስ በዩኒቨርሲቲ በጎ ፈቃድ ሊተካ አይችልም። ዩኒቨርሲቲው ሌላው የሌለውን ነው ማምጣት ያለበት፦ ጥልቅ ዕውቀት፣ መለኪያ መሣሪያና ወጣት ተማሪዎች።

«አያገባንም» የሚለው ክርክር ግን አንድ ነገር ይስታል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ማለፊያ ያላገኙ ተማሪዎችን በአቅም ማሻሻያ፣ ብዙ ሰው «ሬሜዲያል» በሚለው ፕሮግራም፣ ተቀብለው ሲያስተምሩ ቆይተዋል። የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ክፍል፣ በዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በዩኒቨርሲቲ ምግብና አልጋ ማለት ነው። 10ኛ ክፍል ላይ ያልተያዘው ክፍተት ዞሮ ዞሮ ግቢያቸው ድረስ መጥቷል። ዘግይቶ፣ ተወድዶ።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል?

የማለፍ መጠኑ ቀስ እያለ ከፍ ማለቱን ከቀጠለ፣ ዩኒቨርሲቲዎች «የእኛ ድጋፍ ነው» ማለታቸው አይቀርም። ከወረደም ይወቀሳሉ። ሁለቱም በቂ ማስረጃ የለውም። የፈተና ውጤት ከአንድ ዓመት ድጋፍ ይልቅ አሥራ ሁለት ዓመት የተከማቸውን ነው የሚያሳየው። የሚሻለው ቀረብ ያለውን ነገር መለካት ነው። የተደገፈው መምህር በወሰነ ትምህርቱ ስንት ሙከራ አሠራ? ተማሪው ካለፈው ዓመት ይልቅ ስንት ጥያቄ ጠየቀ? የተሰጠው ዕቃ ከቁልፍ ስንት ጊዜ ወጣ? በሪፖርት ላይ «1,200 ተማሪ ተጠቃሚ ሆኗል» ከሚል መስመር ይህ ብዙ ይናገራል።

ለወላጅና ለርዕሰ መምህር ደግሞ ከወዲሁ የሚታዩ ምልክቶች አሉ። በሚመጣው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ ሲደርስ ቀኑን መጀመሪያ ይመልከቱ። ጥቅምት ይላል ወይስ ግንቦት? ከዚያ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህራን ስም በዕቅዱ ውስጥ አለ ወይ ብለው ይፈልጉ። ካለ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው የሁለተኛው ጉብኝት ቀን ነው። እሱም ተጽፎ ከተገኘ መምህርቷን ጠርተው፣ በመጀመሪያው ቀን የትኛውን ምዕራፍ አብረዋት እንዲሠሩ እንደምትፈልግ ይጠይቋት።